አስቸኳይ፦ የዋርድ ካርታዬን ድረ ገጹ አልቀበልም አለኝ፤ ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ

የዘጠነኛው መንገድ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኦክቶበር 2021)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዋርዶች (ከተማችን የተከፈለችባቸው ስምንት የምርጫ ወረዳዎች) አዲስ ወሰን ነዋሪዎች ቃላቸውን የሚሰጡበት ስብሰባ ነገ ጠዋት ነው፤ እኔም ወሰኑ እንዲህ ይሁን ብዬ የሣልኩትን ካርታ ዛሬ ማታ ማስገባት አለብኝ። ሥራውን ጨርሼ ለማስገባት ስሞክር ድረ ገጹ በቀይ ጽሑፍ «ካርታው አልተሟላም» እያለ ይመልሰኛል። ዋርድ 1ን 86 ሺህ ገደማ አድርሼዋለሁ፤ ስለዚህ የቁጥር ችግር ሊኖር አይችልም። ሐሳቤ በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው መንገድ ያሉት ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን፣ ከእነርሱ በስተ ደቡብ ሻው በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩት ወገኖቻችን ጋር በአንድ የምክር ቤት አባል ሥር እንዲሆኑ ነው። መፍትሔውን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።

የድሮ ተማሪ

ከመቸኮልዎ በፊት ነገሩ ከምን እንደተነሣ ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 በቤከርና በካር ጉዳይ ፍርድ ቤቶች የምርጫ ወሰንን መመርመር እንደሚችሉ ወሰነ፤ በ1964 በሬይኖልድስና በሲምስ ጉዳይ የሕግ አውጪ ወረዳዎች በሕዝብ ብዛት እንዲመጣጠኑ አዘዘ፤ በ1968 ደግሞ በአቬሪና በሚድላንድ ካውንቲ ጉዳይ ይኸው መርሕ ለአካባቢ መስተዳድሮችም እንዲሠራ አደረገ። በእኛ ከተማ የ2020 ቆጠራ 689,545 ነዋሪ አግኝቷል። ይህ ለስምንት ዋርዶች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 86,193 ገደማ ይደርሳል፤ ሕጉ ከዚህ አምስት በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለትን ስለሚፈቅድ፣ ማንኛውም ዋርድ ከ81,884 ማነስም ከ90,502 መብለጥም የለበትም። ዋርድ 6 ከ108 ሺህ በላይ ሆኗል፤ ዋርድ 7 ከ76 ሺህ ብዙም አላለፈም፤ ዋርድ 8 ደግሞ ከዝቅተኛው ወሰን በጥቂቱ ጎድሏል። የዘንድሮው ሥራ በሙሉ የሚሽከረከረው በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

ብሎክ ቆጣሪ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ጠያቂው የቸገራቸው ግን ቀዩ ጽሑፍ ነው። ወንድሜ፣ «አልተሟላም» ከሚለው ሥር ሌላ መስመር ይኖራል፤ ምን ይላል? የስምንቱም ዋርዶች ድምር ስንት ነው? የአንዱን ብቻ ነው የነገሩን።

የዘጠነኛው መንገድ

ሁለት ነገር ይላል፦ «ያልተመደቡ ብሎኮች አሉ» (ብሎክ የቆጠራው ካርታ ትንሹ ክፍል ነው) እና «ዋርድ 1 አልተያያዘም»። ድምሩ 688,305 ነው። ያልተመደበ ብሎክ ግን የለም፤ ሰው የማይኖርበትን ብቻ ነው የዘለልኩት።

እማማ ቡና

«ሰው የማይኖርበትን ብቻ» ብለው የማክሚላንን የውኃ ማጠራቀሚያ ከነዓሣዎቹ ያለ ተወካይ አስቀሩት ማለት ነው። እነርሱም በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ እንደሌለን እንደ እኛ እንደ ዲሲ ሰዎች የመኪና ታርጋቸው ላይ «ያለ ውክልና ግብር» ብለው መለጠፍ ይችላሉ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ማደሪያዎችስ አንዱን ዘለሉት እንዴ? ተማሪ የሚቆጠረው በማደሪያው ነውና የጎደለው ሕዝብ እዚያ ተኝቶ ይሆናል።

የዋርድ 4 ሰው

ያልተመደቡትን ብሎኮች ለይቶ የሚያሳየውን ምልክት ያብሩት፤ ከዚያ ቀለም የሌለውን ሁሉ ይሙሉ።

ብሎክ ቆጣሪ

እማማ በቀልድ የጣሉት ነገር ዋናው መልስ ነው። ከ689,545 ላይ 688,305 ሲቀነስ 1,240 ሰው ይቀራል፤ ይህን ያህል ሕዝብ በባዶ ብሎክ ውስጥ አይጠፋም፤ ማደሪያ ወይም ትልቅ ሕንፃ ዘልለዋል። ሰው የሌለበት ብሎክም ቢሆን ለአንዱ ዋርድ መሰጠት አለበት፤ ወንዙም፣ መናፈሻውም፣ ማጠራቀሚያውም።

ሁለተኛው ችግር፣ «አልተያያዘም» የሚለው፣ ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ካርታውን በደንብ አቅርበው ፍሎሪዳ ጎዳናና ሮድ አይላንድ ጎዳና ቀጥ ያሉትን መንገዶች በሰያፍ የሚያቋርጡባቸውን ቦታዎች ይመልከቱ። እዚያ ሁለት ወንበርና አንድ ዛፍ ብቻ ያላቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ትንንሽ መናፈሻዎች አሉ፤ በካርታው ላይ ራሳቸውን የቻሉ ብሎኮች ሆነው የሚገኙ አሉ። እነዚያን ከዘለሉ ከፍሎሪዳ በስተ ደቡብ ያስገቡት የሻው ክፍል ከላይኛው ጋር በማዕዘን ነጥብ ብቻ ይነካካል፤ ፕሮግራሙም ነጥብን እንደ ግንኙነት አይቆጥርም። ማደሪያውን፣ ማጠራቀሚያውንና ሦስት ማዕዘኖቹን ቀለም ይቀቡ፤ ከዚያ ዋርድ 1 ከ90,502 እንዳላለፈ እንደገና ያረጋግጡ።

የዋርድ 4 ሰው

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ያልተመደቡትን የሚያሳየውን ምልክት ያብሩት።

ታዛቢ

ካርታው ቢገባ እንኳ ሐሳቡ ራሱ ያጠያይቃል። ዋርድ 1 በተፈቀደው ልክ ውስጥ ስላለ ማንም እንዲነካው አልተገደደም። ሻው ሲገባ ከሌላ በኩል የሚወጣ ሰው መኖር አለበት፤ ማንን አስወጡ? ደግሞስ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ገና ዜግነት ስላላገኙ በዚህ ሒሳብ አይቆጠሩም፤ ታዲያ ወሰኑ እንዲህም ቢሆን እንዲያም ቢሆን ምን ይጨምርልናል?

የዘጠነኛው መንገድ

በዋርድ 1 ያለውን የአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ለዋርድ 3 ሰጥቻለሁ።

የድሮ ተማሪ

ስለ ዜግነት የተባለው መታረም አለበት። የሚቆጠረው ነዋሪ ሁሉ ነው፤ ሕፃኑም፣ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ምንም ወረቀት የሌለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በኤቨንዌልና በአቦት ጉዳይ በጠቅላላው ሕዝብ ብዛት መከፋፈል የተፈቀደ መሆኑን አጽንቷል። ድምፅ የማይሰጥ ጎረቤትም ለዋርዱ ክብደት ይጨምራል ማለት ነው። ወገኖቻችን የቆጠራውን ቅጽ እንዲሞሉ ስንለምን የኖርነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአዳምስ ሞርጋን ላይ ግን ከታዛቢ ጋር ነኝ። በአዳምስ ሞርጋንና በዋርድ 3 መካከል የሮክ ክሪክ ሸለቆ አለ፤ ሕጉም የተፈጥሮ አቀማመጥና የሰፈር አንድነት እንዲጠበቁ ይጠይቃል። የአናኮስቲያን ወንዝ መሻገር ለዋርድ 7ና ለዋርድ 8 ግድ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝብ ስለጎደላቸው ምክንያት አላቸው። የእርስዎ ሮክ ክሪክን መሻገር ግን በምርጫ የተደረገ ነው፤ ነገ መጀመሪያ የሚጠየቁትም እርሱን ነው። በዋርድ 6 ያለውን የሻው ክፍል ማውጣት ያንን የሞላ ዋርድ ስለሚያቀልል ሚዛን የሚደፋ ክርክር አለዎት፤ ወደ ዋርድ 1 ብቻ መሄድ አለበት ማለትን ግን ይተዉት። ሻው በአንድነት እንዲሆን ይጠይቁ፤ የዘጠነኛው መንገድ ነጋዴዎች ከሻው ጋር ያላቸውን ትስስር በቦታው ያስረዱ፤ ዕቃ የሚያራግፈው መኪና የት እንደሚቆም፣ የመኪና ማቆሚያና የጥበቃ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ ይንገሯቸው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከካርታው ቀለም ይልቅ ይደመጣል።

እማማ ቡና

ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡዎት፤ ከሰላምታው ይቀንሱ። ከእርስዎ ጋር በአማርኛ መናገር የሚፈልጉ አባቶችና እናቶች ካሉ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ አማርኛንም ይሸፍናል። ለነገ ቢዘገይ እንኳ ቃላቸውን በጽሑፍ ይላኩ።

ታዛቢ

ስለ ቆጠራው እርማቱን ተቀብያለሁ። ሆኖም ከአሥራ ሦስቱ የምክር ቤት አባላት አምስቱ፣ ሊቀ መንበሩን ጨምሮ፣ የሚመረጡት በመላው ከተማ ነው። ወገናችን ከብራይትውድ እስከ ዩ ስትሪት ተበታትኖ ስለሚኖር ለእነዚያ አምስት መቀመጫዎች ቢደራጅ ከወሰን ክርክር ይልቅ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ።

ብሎክ ቆጣሪ

ሁለቱም ይሠራሉ። የተረሳው ግን ከዋርድ በታች ያለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤኤንሲ የምንለው ነው። አንዱ የኤኤንሲ ቀጠና 2,000 ሰው ገደማ ብቻ ነው፤ የዋርዶቹ ወሰን ከጸደቀ በኋላ እርሱም እንደገና ይሣላል። ኮሚሽነሩ ደመወዝ የለውም፤ ምርጫ ለመግባት 25 ፊርማ ይበቃዋል። ለምግብ ቤት የመጠጥ ፈቃድና ለመንገድ ዳር ጠረጴዛ የመጀመሪያውን አስተያየት የሚሰጠው እርሱ ነው። በ86 ሺህ ሕዝብ ውስጥ የማይታይ ማኅበረሰብ በ2,000 ውስጥ ሊያሸንፍ ይችላል።

ጠያቂ ሆይ፣ ካርታው ገባ?

የሻው ነዋሪ (ዲሴምበር 2021)

ጠያቂው ባይመለሱም ይህን ገጽ እያገኙ ለሚያነቡት፦ ምክር ቤቱ አዲሱን የዋርድ ካርታ በዚህ ወር 21 ቀን አጽድቋል። ከዋርድ 6 የኔቪ ያርድ ክፍል ወደ ዋርድ 8፣ የሂል ኢስት ክፍል ወደ ዋርድ 7 ተዛውሯል፤ በዋርድ 6 የነበረው የሻው ክፍልም ወደ ዋርድ 2 ሄዷል። አሁን የሚቀረው የኤኤንሲ ወሰን ነው። እርሱን የሚሥሉት በየዋርዱ የሚቋቋሙ ግብረ ኃይሎች ናቸው፤ አባላቱን የሚሰይመው የዋርዱ የምክር ቤት አባል ስለሆነ፣ መግባት የሚፈልግ ሰው ለአባሉ ቢሮ አሁኑኑ ይጻፍ።