ካያኬ (ጠባቡ የቀዘፋ ጀልባዬ) ጅረቱን ሲነካ ይገለበጥብኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የቦርከና ወንዝ ክረምት ሲሞላ ለካያክ አይሆንም፤ ድፍርስ ነው። ስለዚህ የምለማመደው ውሃው ጎደል ሲል ነው። ታናሽ ወንድሜ ዳር ላይ ገመድ ይዞ ይቆማል (ይስቅብኛልም)።

ቀጥ ብሎ መቅዘፍ አያቅተኝም። ችግሬ ከድንጋይ ጀርባ ካለው ጸጥ ያለ ውሃ ወጥቼ ወደ ዋናው ጅረት ስገባ ነው። አፍንጫው ጅረቱን እንደነካ ካያኩ ጅረቱ ወደሚመጣበት በኩል ይገለበጣል። ጅረቱ ወደሚወርድበት በኩል ማዘንበል እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ግን እሺ አይልም። ከተገለበጥኩ በኋላ በጀርባዬ ተንሳፍፌ፣ እግሬን ወደፊት አድርጌ መውጣቱንስ ለምጄዋለሁ!

ኦሞ ላይ የቀዘፋችሁ፣ የምታዘነብሉት በዳሌ ነው ወይስ በጉልበት? ስትገቡስ ምን ያህል ትፈጥናላችሁ? ደሴ አካባቢ የሚያሳየኝ ካለ እኔው እመጣለሁ።