በሩ ከማዕከል የሚቆለፍ ከተማ ዩቶፒያ ነው ወይስ ዲስቶፒያ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸውላችሁ። በጠፈር ላይ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ የሚሽከረከር ከተማ አለ እንበል፤ ነዋሪው 10,000 ነው። ረሃብ የለም፣ የቤት ኪራይ የለም፣ ሥራ በቀን 4 ሰዓት ብቻ። በሌላ በኩል መውለድ በፈቃድ ነው፣ ወደ ምድር መመለስም በፈቃድ። መርከቧ በወር አንዴ ትመጣለች፣ 40 መቀመጫ አላት። ምክር ቤቱ ደግሞ «ለደኅንነት» ሲል የማንኛውንም ሠፈርና ቤት በር ከማዕከል መቆለፍ ይችላል። ዩቶፒያ (ሁሉ የተሟላበት የሕልም ዓለም) ነው ዲስቶፒያ (ሰው የሚጨቆንበት የቅዠት ዓለም)? «እንደ ተመልካቹ ነው» የሚል መልስ አልቀበልም።

ባለሚዛን፦ ዩቶፒያ ነው። ቃሉን ለዓለም የሰጠው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጻት ደሴት ምን እንደምትመስል አንርሳ። ሰው በቀን 6 ሰዓት ይሠራል፣ የሚበላው አያጣም፣ ወርቅ የተናቀ ነው። ግን ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃው ወጥቶ የተገኘ ይቀጣል፣ ከደገመው ባሪያ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ዩቶፒያም ይለፍ ትጠይቅ ነበር። ይለፍ ስላለ ብቻ ዲስቶፒያ የምንል ከሆነ ዩቶፒያ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይኖርም።

ጥያቄ ምልክት፦ ባለሚዛን፣ ሳታውቀው ለኔ ነው የተከራከርክልኝ። ሞር ስሙን ከግሪክኛ ሲያወጣ «የትም የሌለ ቦታ» እና «መልካም ቦታ» በድምፅ እንዲምታቱ አድርጎ ነው። ባሪያ ያለባትን ደሴት እንደ ንጹሕ ሕልም ማንበብ ቀልዱን መሳት ይመስለኛል።

የኔ መለኪያ መውጫው ነው። በወር 40 መቀመጫ ማለት በዓመት 480 ሰው ነው። ሁሉም ነዋሪ ልሂድ ቢል፣ ምክር ቤቱም ፈቃዱን ለሁሉም በአንድ ቀን ቢፈርም፣ የመጨረሻው ሰው የሚወጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ ፈቃድ የተባለው ሕግ ቢሻርም ባይሻርም ለውጥ የለውም። እስር ቤቱ የተሠራው መርከቧ ስትነደፍ ነው።

ንፋስ ሙሉ፦ መቀመጫው ያነሰው በክፋት ሳይሆን በነዳጅ እጥረት ቢሆንስ? ድሃ ከተማ ሁሉ ዲስቶፒያ ነው እንዴ?

ጥያቄ ምልክት፦ አይደለም። ግን በድህነት የተዘጋ በርና በፖሊስ የተዘጋ በር ውስጥ ላለው ሰው ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም።

ብሎን፦ ሁላችሁም ስለ ፈቃድ ስታወሩ ዋናውን አለፋችሁት፤ በሩን የመቆለፍ ሥልጣን። የእንዲህ ዓይነት ልብወለድ ምክር ቤት ሁሌ የሚያቀርበው ምክንያት «ጠፈር ላይ ነን፣ አንድ ስህተት በደቂቃ ሁላችንን ይገድላል፣ ስለዚህ ዲሞክራሲ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እስቲ በቁጥር እንየው።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ባካሄደው የበጋ ጥናት የተነደፈውን ቀለበት እንውሰድ፤ እሱም ለ10,000 ሰው ነበር። የቀለበቱ ዲያሜትር 1,790 ሜትር፣ ሰው የሚኖርበት ቱቦ ስፋት 130 ሜትር፣ በደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ይሄ ፍጥነት የምድርን ያህል ክብደት ይሰጣል። ውስጡ ወደ 69 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የአየሩን ግፊት እዚህ ምድር በባሕር ወለል እንዳለው አድርጌ ነው የማሰላው።

አንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። 10,000 ሰው 10 ቶን ማለት ነው። ማጣሪያው ሙሉ በሙሉ ቢቆም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን በቀን የሚጨምረው በ0.008 በመቶ ነው። 1 በመቶ ለመድረስ 4 ወር ይፈጃል። ኦክስጅኑም እንደዚያው፤ 19 ሺህ ቶን ገደማ አለ፣ የሰዉ ፍጆታ በቀን 8.4 ቶን ነው፣ አንድ አሥረኛው እስኪያልቅ ከ7 ወር በላይ። ግድግዳው ቢበሳስ? 1 ካሬ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ፣ ማለትም የመስኮት ያህል፣ የአየሩን 10 በመቶ ለማስወጣት ከ9 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በ9 ሰዓት ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ፣ ተሟግቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ ቀዳዳውን መድፈን ይቻላል።

የአየር ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ የሚል ስጋትም ካለ፣ የ3 ሳምንት አድማ የሚጨምረው 0.17 በመቶ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ጠፈርተኞች ለወራት የሚኖሩት ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ባለው አየር ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ አድማ ቢከለክል ፊዚክስ አዝዞት አይደለም። ራሱ መርጦ ነው። ለኔ ዲስቶፒያ ማለት ይሄ ነው፦ የተፈጥሮ ግዴታ መስሎ የቀረበ የሰው ውሳኔ።

ንፋስ ሙሉ፦ ብሎን፣ ስሌትህ ቆንጆ ነው፣ ግን የቆጠርከው ሰውን ብቻ ነው። አፈሩስ? ሲሚንቶውስ? አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 የተባለው የታሸገ የመስታወት ቤት ምን እንደገጠመው እናንሳ። መስከረም 1991 እ.ኤ.አ. 8 ሰዎች ገብተው ተቆለፈ። በ16 ወር ውስጥ ኦክስጅኑ ከ20.9 ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ጥር 1993 ላይ ከውጭ ኦክስጅን ተነፋለት። የ8ቱ ሰዎች ትንፋሽ፣ አንድም ተክል ባይኖር እንኳ፣ በዚያ ጊዜ ሊጨርስ የሚችለው ከነበረው ኦክስጅን አንድ አሥረኛውን አይሞላም። የጠፋው ግን ወደ 30 በመቶ ነው።

ሌባው አፈሩ ነበር። ብስባሽ የበዛበት አፈር ስለነበር ረቂቅ ሕዋሳቱ ኦክስጅኑን ሲበሉት ከረሙ። የተፋውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ያልተቀባው ኮንክሪት መጦ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ለወጠው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በጎደለው ኦክስጅን ልክ ስላልጨመረ ነው ምክንያቱን ማግኘት ያስቸገረው። በዚያ ላይ ነዋሪዎቹ ርቧቸዋል፣ ከስተዋል፣ ለሁለት ጎራ ተከፍለዋል። እንግዲህ የታሸገ ዓለም የሚገድለው በፍንዳታ ሳይሆን ቀስ እያለ ነው፤ ለዚህም በቅርብ የሚከታተል አካል ያስፈልጋል።

ብሎን፦ እስማማለሁ፣ ግን ወዴት እንደሚወስደን ተመልከት። አደጋው ቀስ የሚል ከሆነ የሚያስፈልገው የሚቆልፍ እጅ አይደለም፣ የሚቆጥር ዓይን ነው። የኦክስጅን መለኪያው ንባብ በየሠፈሩ አደባባይ ተሰቅሎ ማንም ሊያየው ይችላል ወይስ ለምክር ቤቱ ብቻ ነው የሚደርሰው? አወያይ በሰጠን ታሪክ ውስጥ ይሄ አልተጻፈም።

አወያይ፦ ልክ ነህ፣ አላሰብኩበትም። ንባቡ ለሁሉም ክፍት ነው በሉት።

ባለሚዛን፦ ክፍት ከሆነ ወደ ዩቶፒያ ተጠግተናል ማለት ነዋ! የመውለድ ፈቃዱንም በዚሁ ዓይን እዩት። ሰው በአማካይ 80 ዓመት ከኖረና ቁጥሩ 10,000 ላይ መቆም ካለበት በዓመት 125 ልጅ ነው የሚወለደው። ይሄን ምክር ቤት አልፈለሰፈውም፣ ማካፈል ነው። ዕጣ ይውጣ ወይም ተራ ይያዝ፣ ቁጥሩ አይለወጥም።

ጥያቄ ምልክት፦ ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ዕጣውን የሚያወጣው ሰው ነው። ደግሞ በዓመት 480 ሰው የሚወጣበት መርከብ ካለ 125 ለምን ይሆናል? ወጪው ቦታ ይለቃል። መውጫውን የዘጋ ነው ማህፀኑንም የቆጠረው።

ባለሚዛን፦ ይቺን ተቀብያለሁ።

ንፋስ ሙሉ፦ ወደ በሩ ልመለስ። ብሎን 4 ወር ያለው ለሙሉው ቀለበት ነው። የሚቆለፈው ቤት ከሆነስ? 4 ሰው ያለበት፣ 150 ሜትር ኪዩብ የሆነ፣ የበሩ ጠርዝ ጎማ አየር የማያሳልፍ ቤት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 1 በመቶ የሚደርሰው በ16 ሰዓት ገደማ ነው። በ2 ቀን 3 በመቶ ይሆናል፤ ያኔ ራስ ምታትና ቁና ቁና መተንፈስ አለ። በወር ሳይሆን በሰዓት መቁጠር ጀመርን ማለት ነው።

ብሎን፦ እኔ ሳልል የቀረሁትን አልክልኝ። የበሩ ጎማ ነው ነገሩ። ሠፈር ከሠፈር የሚለይ ትልቅ በር አየር ቢይዝ ደኅንነት ነው፤ ቱቦው ለ6 ቢከፈል በያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አየር አይቀንስም፣ ስለዚህ ያው 4 ወር አለህ። የመኖሪያ ቤት በር አየር እንዲይዝ የተሠራ ከሆነ ግን ያ ቤት ከማዕከል በአንድ ቁልፍ ሰው ማፈኛ ይሆናል። ከታች ሁለት ጣት ክፍተት ቢተውለት ያው በር ተራ በር ነው።

ባለሚዛን፦ ከውስጥ የሚከፈት እጀታ ቢኖረውስ?

ብሎን፦ እጀታ ብቻውን አያድንም። 2 ካሬ ሜትር በር ላይ የግፊት ልዩነቱ ከመደበኛው አየር 1 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ በሩን የሚጫነው ኃይል 200 ኪሎ ያህላል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሆኖ የውጭው አየር ካነሰ፣ ከውስጥ ያለው ሰው ቢጎትት አይነቃነቅለትም። መጀመሪያ ግፊቱን የሚያመጣጥን ትንሽ ቫልቭ መከፈት አለበት። በጠፈር ጣቢያ በሮች ላይም ማመጣጠኛ ቫልቭ አለ። አወያይ፣ በታሪክህ ውስጥ ያ ቫልቭ በየትኛው ወገን ነው ያለው? ከሁለቱም ወገን በእጅ የሚዞር ከሆነ ድምፄን ለባለሚዛን እሰጣለሁ። በውጭ በኩል ብቻ ከሆነ ስለ 4 ሰዓቱ ሥራ አታውራኝ።

አወያይ፦ በውጭ በኩል ብቻ ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ለጥገና እንዲቀል።

ጥያቄ ምልክት፦ ለጥገና!