የማትወደድ ሴት ፊልሙን እንዴት ትሸከም?

ጥቁር ቡና፦ ሰላም ለሁላችሁ። 95 ገጽ የሆነ ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ስክሪፕት ነው። መሪዋ ቀናተኛ፣ ውሸታም፣ ለማንም የማትራራ ሴት ናት። ያነበቡት ሁሉ «ገጽ 30 ላይ ሰለቸችን» ይላሉ። እንድትወደድ አልፈልግም፤ ግን ተመልካች እስከ መጨረሻው እንዲከተላት ምን ይደረግ? የልጅነት በደሏን በፍላሽባክ (ወደ ኋላ በሚመልስ ትዕይንት) ላስገባ?

ሰባተኛው ረድፍ፦ ፍላሽባኩን ተወው። ሰው የሰለቸው ክፋቷ አይደለም፤ ምን እንደምትፈልግ አላወቀም። በመጀመሪያዎቹ 10 ገጾች የምትፈልገው ነገር በእጅ የሚያዝ ይሁን። «ፍቅር» ወይም «ክብር» አይበቃም፤ የዚያ ቤት ቁልፍ፣ የዚያ ሰው ፊርማ። ቀጥሎ በሥራዋ የተካነች መሆኗን አሳየን፤ ከዚያ መንገዱ ይዘጋባት። «ጎን ገርል» (2014) ውስጥ ኤሚ የተገደለች አስመስላ ባሏ ላይ ስታላክክ የሚደግፋት የለም። ሚኒ ጎልፍ ስትጫወት ግን ዘለል ስትል ከልብሷ ሥር የደበቀችው ገንዘብ ዱብ ይላል፤ ጎረቤቶቿም ያዩታል። ተመልካቹ «ወይኔ!» የሚለው እዚህ ጋ ነው። አልወደዳትም፤ ዕቅዷ እንዳይበላሽ ግን ሰግቷል። ይህን ስጋት በየ15 ገጹ ካመጣህ ገጽ 30 አያስቸግርህም።

መብራት አጥፉ፦ ልክ ነው። ሌላው የሚያበላሸው ግን ጸሐፊው ራሱ ሲኮንናት ነው። «በጭካኔ ፈገግ አለች» የሚል መስመር ካለ ይሰረዝ። የ1945ቱን «ሊቭ ሀር ቱ ሄቨን» የሐይቅ ትዕይንት እዩት፦ ጠራራ ፀሐይ፣ ትንሽ ጀልባ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ቆንጆ። የባሏ ታናሽ ወንድም፣ እግሩ በሕመም የተጎዳው ልጅ፣ ሲዋኝ ይደክመዋል፤ ይጣራል። እሷ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሙዚቃ የለም፤ ውሃውና የልጁ ድምፅ ብቻ። ዓይኗ ስለተሸፈነ ፊቷ ላይ የምናነበውን እኛው እንፈጥረዋለን። ቫዮሊን ቢገባበት ኖሮ የእንጀራ እናት ተረት ይሆን ነበር።

ጥቁር ቡና፦ አመሰግናለሁ (በነገራችን ላይ ሴት ነኝ 🙂)። መጨረሻ ላይስ ትቀጣ?

ሰባተኛው ረድፍ፦ ይቅርታ እህቴ! «ፌታል አትራክሽን» (1987) ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ አሌክስ፣ ከባለትዳር ሰው ጋር ወስልታ አልለቅህም የምትለው ሴት፣ ራሷን ታጠፋለች፤ ቢላዋው ላይ የሰውየው አሻራ ስላለ ተጠርጣሪው እሱ ይሆናል። የሙከራ ተመልካቾች አልወደዱትም፤ አሌክስን የተጫወተችው ግሌን ክሎዝ ብትቃወምም እንደገና ተቀረጸና ሚስቲቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተኩሳ ገደለቻት። ገበያው ሰመረ፣ ሴትዮዋ ግን ጭራቅ ሆና ቀረች። አንቺ ጋ መሪዋ እሷ ስለሆነች ኪሳራው ይብሳል። ዋጋውን ከፍላጎቷ አውጪው፦ ቤቱን ፈልጋ ከሆነ ታግኘው፤ በሩን የሚያንኳኳላት ሰው ግን አይኑር።

ዳር ተመልካች፦ ንግግሩ በአማርኛ ከሆነ ፈረንጆቹ የሌላቸው መሣሪያ አለ። አማቷን 60 ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ስትል ትቆይ። ወጥ ቤት ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ቡናሽ ቀዝቅዟል» ትበላት። ሰው ሲገባ ወደ «እርስዎ» ትመለስ። አንዴ ብቻ ታዲያ፤ ከተደገመ ኮሜዲ ይሆናል።