የጎረቤት ግራቪሊያ ጣሪያችን ላይ ተጋድሟል፤ እንዴት ይቆረጥ?

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች፣ በተለይ ዛፍ መከርከም የምታውቁ። የጎረቤታችን ግራቪሊያ አጥሩን አልፎ ጣሪያችን ላይ ተጋድሟል። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ አሸንዳው ውስጥ እርስ በርሱ ተያይዞ የቱቦውን አፍ ይደፍናል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሞልቶ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። እርጥብ ቅጠል የሚተኛበት ቆርቆሮም በየምስማሩ ዙሪያ ዝጓል።

እትዬ፣ የዛፉ ባለቤት፣ «ቁረጡት፣ ግን እንዳትገድሉብኝ» ብለውናል። ወፍራሙን ቅርንጫፍ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከታች ሲሶውን መጋዝ፣ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ቆርጦ መጣል፣ የቀረውን ጉቶ አንገቱን፣ ማለትም ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበትን ያበጠ ቦታ፣ ሳይነኩ ማንሳት እንደሚገባ አውቃለሁ። ከታች ካልተጀመረ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል።

የቸገረኝ ሌላ ነው። ከባዱ ቅርንጫፍ ሁሉ በእኛ በኩል ነው፤ በአንዴ ከተነሳ ሚዛኑ ወደ እሳቸው ቤት እንዳያደላ እሰጋለሁ። በሁለት ዓመት ከፍሎ መቁረጡ ይሻላል? ደግሞ ወደ ቆጣሪያችን የሚገባው የመብራት ሽቦ በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል። መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም ዛፉ ላይ እንዲወጣ አልፈቅድም። እንዲቋረጥ ማመልከቻ የሚያስገባው ማነው፣ እኛ ወይስ ባለ ዛፏ? ክረምቱ ሳይገባ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።