ማመልከቻው ዛሬ ሌሊት ይዘጋል! ስፔስ ላይ ለመሥራት የትኛውን የማስተርስ ትራክ ልምረጥ?

ሜሮን (ጠያቂ)፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የኤሮስፔስ ማስተርስ ማመልከቻ ዛሬ 23፡59 ጂኤምቲ ላይ ይዘጋል። ትራንስክሪፕቴን ስጭነው ፎርሙ ይመልሰዋል። ደግሞ አንድ ትራክ ብቻ ምረጪ ይላል፤ ኤሮዳይናሚክስና ፕሮፐልሽን (የአየር ፍሰትና ሞተር) ወይስ ስፔስክራፍት ሲስተምስ (ሳተላይቱን ራሱን መሥራት)? የትኛው ነው ስፔስ ኢንዱስትሪ የሚያስገባው? አራት ኪሎ ኢንተርኔት ቤት ነኝ፤ ሊዘጉ ነው።

ቢኒ፦ ፋይሉ ከብዶ ነው። አሳንሺው።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ፣ ረጋ በይ። መጀመሪያ አገርሽ የት እንዳለች እወቂ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 የመጠቀችው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ነው። 70 ኪሎ ገደማ ትመዝን ነበር። መቆጣጠሪያዋ እዚሁ እንጦጦ ላይ ተተከለ። በዓመቱ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ተከተለች። ሮኬት አንሠራም። ስለዚህ እዚህ ያለው ሥራ ሳተላይት መቆጣጠር፣ ዳታ መቀበል፣ ምስሉን ለእርሻና ለካርታ ማዘጋጀት ነው። ተምረሽ ስትመለሺ የምትገቢበትን ከአሁኑ አስቢ።

ዳዊት፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ኤሮስፔስ ለምን? ሳተላይት ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስና ሶፍትዌር ነው። ናሳ በቋሚነት የሚቀጥረው የአሜሪካ ዜጋ ነው። የአሜሪካ የሮኬት ኩባንያዎችም ኢታር የሚባል የጦር መሣሪያ ኤክስፖርት ሕግ ስላለባቸው በአብዛኛው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። የአውሮፓው የጠፈር ድርጅት ኢሳም ቅድሚያ የሚሰጠው ለአባል አገራቱ ዜጎች ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ።

ሜሮን፦ ናሳ መች አልኩ? ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት።

ኪያ፦ እሱን መጀመሪያ አትነግሪንም ነበር? 😄 ለማንኛውም የቤቱን ልጅ ሻይ ጋብዢና ትንሽ አስጠብቂው። ደግሞ አትደንግጪ፤ 23፡59 ጂኤምቲ በእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ቤትሽ ገብተሽ በስልክሽ ትጨርሺዋለሽ።

ሰናይት፦ ሜካኒካል ከሆንሽ ስፔስክራፍት ሲስተምስን ምረጪ። ውጭ ተምሬ በዚሁ መስክ እየሠራሁ ነው። ፕሮፐልሽን መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ሥራው በአብዛኛው ያለው ሮኬትና የአውሮፕላን ሞተር ጋ ነው፤ ሮኬቱ ጋ ደግሞ ዳዊት ያለው የዜግነት ጣጣ ይመጣል። ትናንሽ ሳተላይት የሚሠሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ግን በብዙ አገር አሉ፤ የሜካኒካል ሰውም ይፈልጋሉ።

ኪዩብሳት የሚባለውን ትንሽ ሳተላይት እዪ። ትንሹ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። መሬትን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል፤ በየዙሩ ፀሐይና ጥላ ይፈራረቁበታል። እላይ ሙቀቱን የሚወስድለት ንፋስ የለም። ሙቀቱ በብረቱ ተላልፎ በጨረር ብቻ ነው የሚወጣው። ባትሪው እንዳይቀዘቅዝ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ እንዳይግል ማስላት የሜካኒካል ሰው ሥራ ነው። ከመምጠቁ በፊት የሮኬቱን ንዝረት ይችል እንደሆነ ማሽን ላይ ይናጣል። ከዚያ አየሩ የተመጠጠ ክፍል ውስጥ ይገባና ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። በማስተርስሽ ይህን በእጅሽ የምትነኪበት ቦታ ካገኘሽ ሥራ ፍለጋው ይቀላል። እኔን ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ ስለ ተሲሴ፣ ስለ መመረቂያ ጥናቴ ነው፦ ምን ለካሽ? ስሌትሽ ከልኬቱ ለምን ተለየ?

ስለዚህ የማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮከብ እወዳለሁ» የሚለውን ተዪው። በየትኛው ላብራቶሪ ምን ዓይነት ተሲስ መሥራት እንደምትፈልጊ ሁለት መስመር ጻፊ።

ቢኒ፦ ፋይሉን አሳንሺው አልኩ እኮ።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦ መጠን ብቻ ላይሆን ይችላል። የፋይሉን ስም በአማርኛ ጽፈሽው ከሆነ አንዳንድ ፎርም አይቀበልም። በላቲን ፊደል ቀይሪው፤ ክፍት ቦታም አትተዪ። በስልክ ፎቶ ያነሳሽው ከሆነ ደግሞ ወደ ፒዲኤፍ ለውጪው።

ዳዊት፦ ሰናይት ያለችው ትክክል ነው። ቢሆንም ፓይተን አይቅር፤ ያንን የሙቀት ስሌት በምን ልትሠሪው ነው?

ጫላ፦ ገንዘብ የሌለንስ?

ሰናይት፦ የጃፓኑን ኪዩሹ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመልከት። ከተባበሩት መንግሥታት የስፔስ ጉዳዮች ቢሮ ጋር ሆኖ በናኖ ሳተላይት (በጣም ትናንሽ ሳተላይቶች) ላይ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ስኮላርሺፕ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። የጋናና የናይጄሪያ ተማሪዎች እዚያው የአገራቸውን ኪዩብሳት ሠርተው በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ተልኮላቸዋል። ማስታወቂያው ሲወጣ ጊዜው አጭር ነው፤ ፓስፖርትህንና ትራንስክሪፕትህን ከአሁኑ አዘጋጅ።

ኪያ፦ ሜሮንዬ፣ ገባልሽ?

ቢኒ፦ አሳነስሽው?