26 ዓመቴ ነው፣ ሊምፎማ ነው ተባልኩ፤ ለእናቴ እንዴት ልንገራት?

የደሴው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሳይት መሐንዲስ ነኝ። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው።

አንገቴ ላይ ንፍፊት ወጣብኝ። አያምም፣ ግን አይጠፋም። በመርፌ ናሙና ወሰዱና ቲቢ ሳይሆን አይቀርም አሉኝ። እዚህ አገር የአንገት ንፍፊት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። መድኃኒቱን ጀመርኩ። ንፍፊቱ ግን ጭራሽ ብብቴ ሥር ሌላ ጨመረ። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል። ሰውነቴን ያሳክከኛል። ከሳሁ። በመጨረሻ ንፍፊቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ተመረመረ። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የንፍፊት ካንሰር፣ ደረጃ 2።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ግን እኔ አይደለሁም። ውጤቱ የወጣ ቀን ዶክተሩ “አስታማሚው ይግባ” ብሎ ታላቅ ወንድሜን ጠራው። እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ወንድሜ ሲወጣ ዓይኔን ማየት አልቻለም። “እጢ ነው፣ መድኃኒት አለው” አለኝ። ማታ ወረቀቱን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቼ አነበብኩት። የራሴን ሕመም ከሰው ኪስ አውጥቼ ማንበቤ እስካሁን ያመኛል።

ከወንድሜ ጋር ተላቅሰን ተነጋግረናል። አሁን እሱም አክስቶቼም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ “ለእማዬ እንዳይነገር። ደም ግፊት አለባት፣ ትሞትብናለች።” ደግሞም ከሰማች ኬሞውን አስጥላ ግሸን ይዛው ትሄዳለች ብለው ይፈራሉ። እሷ በየማታው ትደውላለች። “ድምፅህ ምን ሆኗል?” ትለኛለች። “ጉንፋን ነው” እላለሁ። ፀጉሬ ሲረግፍስ? ለፋሲካ ስቀርስ ምን ልላት ነው?

ኬሞ ልጀምር ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ። ሥራዬን እየሠራሁ ይቻላል ወይ? እጮኛም አለችኝ። ስለ መውለድ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቀበና፦

ወንድሜ፣ ያው ሆጅኪን ነበረብኝ፣ በ22 ዓመቴ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ። ጥቁር አንበሳ ታከምኩ። ዛሬ ለክትትል ብቻ ነው የምሄደው።

በየሁለት ሳምንቱ ካሉህ ምናልባት ኤ-ቢ-ቪ-ዲ የሚባለው ነው፤ አራት መድኃኒት አንድ ላይ። አንዱ ቀይ ነው፣ ዶክሶሩቢሲን። ሽንትህ ይቀላል። የቲቢውን ስትጀምር አይተኸው ይሆናል፣ አትደንግጥ። ግን ቀዩ እየገባ ክንድህ ካቃጠለህ ወይም ካበጠ ወዲያው ተናገር፣ ዝም ብለህ አትቻል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። ዳካርባዚን የሚባለውም ደም ሥሩን ያቃጥላል፤ “ሲስተር፣ ቀስ ይበልልኝ” በላት፣ ያደርጉልሃል። ብሊዮማይሲን በገባልኝ ማታ ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኝና ያንቀጠቅጠኝ ነበር።

ሆድ ድርቀቱን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከማስመለሱ በላይ ያሠቃየኝ እሱ ነው። ውሃ በደንብ ጠጣ፤ ተልባም እኔን ረድቶኛል። የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ጠይቅ።

ሽታው ደግሞ ሌላ ነው። የሚቆላ ቡና ሲሸተኝ ይገለብጠኛል። እናቴ ያለ ቡና መዋል የማትችል ሰው ናት። ያን ሁሉ ወር ቤታችን ቡና አልተቆላም፤ ጎረቤት እየሄደች ጠጥታ ትመለስ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል።

ስለ ሥራህ፦ ኬሞ ሐሙስ ከሆነልኝ እስከ እሑድ እተኛለሁ፣ ማክሰኞ ክፍል እገባ ነበር። ሰው ከሰው ይለያያል። ግን አንተ ሳይት ላይ ነህ፤ አቧራና ፀሐይ አለው። አለቃህ ቢሮ ሥራ እንዲሰጥህ አሁኑኑ ጠይቀው፤ ከሕክምና ቦታ ደብዳቤ ይጻፍልሃል።

ጠያቂውን በተመለከተ አባቴ ግቢ ውስጥ ወንበር አወጣ። “ማልቀስ የፈለገ እዚህ ያልቅስ፣ ወደ ልጄ የሚገባ አጫውቷት ይውጣ” አለ። የተቀየመ ዘመድ ነበር፣ ይቀየም። እኔ በእንባ ከበውኝ በቁሜ ሲቀብሩኝ መዋል አልችልም ነበር። አንተም ቤት በር ላይ የሚቆም አንድ ሰው ያስፈልግሃል። ወንድምህ ይመስለኛል።

እናት ከማርቆስ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። እኔ የተደበቀብኝ እናት ነኝ።

ልጄ ታሞ አዲስ አበባ ሲታከም ሁሉም ያውቅ ነበር። ከእኔ በቀር። የሰማሁት እድር ላይ ነው፣ አንዷ “ልጅሽ እንዴት ሆነልሽ?” ስትለኝ። ከሕመሙ ይልቅ የቆጨኝ፣ በዚያ ሰሞን አይደውልልኝም ብዬ ማኩረፌ ነው። እሱ ሲሠቃይ እኔ ተቀይሜው ነበር። ልጄ ድኗል፣ ተመስገን። ያ ጊዜ ግን አይመለስልኝም።

ንገራት። በስልክ ግን አይሁን። በጠዋት፣ ከአክስቶችህ ጋር ሰብሰብ ብላችሁም አትሂዱ፤ መርዶ ይመስላታል፣ ልቧ እዚያው ይቆማል። አንተና ወንድምህ ብቻ፣ ከቀትር በኋላ፣ ምሳ በልታ የግፊት መድኃኒቷን ከዋጠች በኋላ ግቡ። አንተው በአፍህ ንገራት። መጀመሪያ መድኃኒት እንዳለው ንገራት፣ ስሙን ቀጥለህ። ታለቅሳለች፣ ተዋት ታልቅስ። ከዚያ ሥራ ስጣት። “አጥሚት ትሠሪልኛለሽ፣ ኬሞ ቀን አብረሽኝ ትቀመጫለሽ” በላት። እናት እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ነው የምትሞተው።

ሲስተር፦

ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ያነበብኩት አሳስቦኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህን ልበል፦ ሆጅኪን ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። በወጣትነት፣ ደረጃ 2 ላይ ተገኝቶ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የማየው የሚያስለቅሰኝ ነገር መሃል ላይ የሚያቋርጡት ናቸው። ትንሽ ሻል ሲላቸው፣ ንፍፊቱ ሲጠፋላቸው፣ ይቀራሉ። ስለዚህ ለእናትህ ስትነግር ግሸንን አትከልክላት። ፀበሉም ጸሎቱም ይኑር፣ ግን በኬሞው ቀን ላይ አይሁን። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ያልፈላ ውሃና ጥሬ ሥጋ ይጎዱሃል፤ የምትጠጣው ይፍላ። ጾሙንም ለነፍስ አባትህ ንገር፣ በሽተኛን አያስገድዱም።

ቴርሞሜትር ግዛ። 38 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድና “ኬሞ ላይ ነኝ” በል። ፓራሲታሞል ውጦ ማደር የለም። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣም ለሐኪምህ ንገር፤ ብሊዮማይሲን ሳንባ ሊነካ ይችላል።

ልጅ መውለድን ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት አንሣው። ከኤ-ቢ-ቪ-ዲ በኋላ የብዙ ወንዶች ዘር ይመለሳል፤ ቢሆንም አስቀድሞ የዘር ፈሳሽህን በማቀዝቀዣ ስለ ማስቀመጥ ጠይቅ። በሕክምናው ወቅት ግን እርግዝና እንዳይፈጠር ተጠንቀቁ።

ውጤትህን ደግሞ አንተው መስማት መብትህ ነው። “ከእንግዲህ ለእኔ ይነገረኝ” ብለህ ካርድህ ላይ አስጽፍ።

አንድ ጥያቄ፦ የቲቢውን መድኃኒት አቁመሃል? በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ከኬሞው ጋር ይጋጫል፣ ኬሞውን ያዳክማል።

የደሴው ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወንድሜ የእናት ከማርቆስን ጽሑፍ አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ “ቅዳሜ እንሂድ” አለ። አክስቶቼ ተቆጥተዋል።

ቀበና፣ የአለቃዬን ነገር ነገ እጨርሳለሁ።

ሲስተር፣ አላቆምኩም፣ ዛሬ ጠዋትም ውጫለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። በራሴ አላቋርጥም፤ ነገ ኪኒኖቹን ይዤ ሐኪሙ ጋ እገባለሁ፣ የዘሩንም ነገር እዚያው እጠይቃለሁ። የምገባውም ብቻዬን ነው።