«የማይገሰስ መብታቸው ተጥሷል» ይባላል ወይ?

ብራና፦ ጤና ይስጥልን። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አላቀረበም በሚል በተጻፈ አቤቱታ ላይ ያለ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ተጠሪው ደንበኛዬን በ48 ሰዓት ውስጥ ባለማቅረቡ የማይገሰስ መብታቸው ተጥሷል»። የማይገሰስ ከሆነ እንዴት ተጣሰ? «ተገስሷል» መባል ነበረበት ወይስ ጸሐፊው ልክ ነው?

ጉባኤ ቃና፦ ገሰሰ ግእዝ ነው፤ ዳሰሰ፣ በእጅ ነካ ማለት ነው። የማይገሰስ እጅ የማያርፍበት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 14 ሕይወትን፣ የአካል ደኅንነትንና ነፃነትን «የማይደፈርና የማይገሰስ» ይላል። ደፈረም ከግእዝ ነው፦ ደፋር፣ ድፍረት። ሁለቱም ከመቅደስ ቋንቋ የመጡ ናቸው። አንቀጽ 10 ላይ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ ሰብዓዊ መብቶች «ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ፣ የማይጣሱና የማይገፈፉ» ናቸው። መጣስ የአጥርና የዱር ቋንቋ ነው። ሁለቱን ጥንዶች ማደባለቅ ደስ አይልም።

ሐረግ፦ መግፈፍ ከግፍ የመጣ ይመስለኛል። ግፍ የተሠራበት ሰው የተገፈፈ ነው። ሕግ አውጪዎቹም ይህን አስበው ነው የመረጡት።

ጉባኤ ቃና፦ እህቴ፣ የግእዙ ግፍዕ ዐይን (የ«ዐ» ፊደል) አለበት፤ ግሡ ገፍዐ ነው። ዐይኑ በአማርኛ ስለተዋጠ ነው ግፍ የሆነው። ገፈፈ ሌላ ግሥ ነው፦ ቆዳ ይገፈፋል፣ ጉም ይገፈፋል፣ ማዕረግ ይገፈፋል። ግእዝ ያልዘለቀ ሰው ሥር ሲመዝ እንዲህ ይሳሳታል።

ሐረግ፦ ዐይኑን ተቀብያለሁ። «ማዕረግ ይገፈፋል» ያሉትን ግን ላንሣ። ማዕረግ የሚገፈፈው የሰጠ ስላለ ነው። አንቀጽ 10 መብቱን ከተፈጥሮ ያመነጨው ለዚህ ይመስለኛል። መንግሥት ያልሰጠውን አይገፍም።

ነጋሪት፦ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በሕግ አማርኛ ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው። ሕግ ሲጣስ ሕጉ እንደቆመ ነው፤ የጣሰው ይጠየቃል። ሕግ ሲሻር ሕጉ ራሱ ይቀራል፤ የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ 652 በ2012ቱ አዋጅ 1176 ተሻረ እንጂ ተጣሰ አንልም። መብት ሲገፈፍ ደግሞ ሕጉም ቆሞ፣ ሰውየው ግን ባለመብት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ «መብቴ ተጣሰ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው መብቱ ገና በእጁ እንዳለ ነው የሚናገረው። አቤቱታ ጸሐፊው ልክ ነው።

ሐረግ፦ እንግሊዝኛው ለ10ም ለ14ም የሚጠቀመው አንድ ዓይነት ጥንድ ቃል ነው። ታዲያ በአማርኛው ልዩነት ላይ ይህን ያህል መገንባት ይቻላል?

ነጋሪት፦ አንቀጽ 106ን ይመልከቱ። የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ ነው። ዳኛን የሚያስረው አማርኛው ነው።

ጉባኤ ቃና፦ ሻረ ከግእዙ ሠዐረ ነው። ሰንበት ሻረ፣ ሹመት ሽረት። ግን የወንጀል ሕጉስ አንቀጽ 123 ላይ መምረጥንና መመረጥን ጨምሮ ከሕዝባዊ መብት መሻርን በቅጣት አስቀምጦ የለም? የማይገፈፍ ብለን የምንሽር ከሆነ ቃሉ ምን ዋጋ አለው?

ነጋሪት፦ ከባድ ጥያቄ ነው። ሕጉ «መሻር» ያለው ለሹመት ዓይነት መብት እንዲሆን ይመስለኛል፤ ዳኛው በፍርድ የሚወስነው ተጨማሪ ቅጣት ነው እንጂ ፖሊስ ወይም ምርጫ ጣቢያ የሚያደርገው አይደለም። ቢሆንም ድምፅ የሉዓላዊነት መግለጫ በሆነበት አገር ከድምፅ መሻር እንደ ማንኛውም ቅጣት መታየት የለበትም።

መዝገብ ቤት፦ ወደ ዐረፍተ ነገሩ ልመልሳችሁ። ከገሰሰና ከገፈፈ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) ነው። የያዘው ፖሊስ በጊዜው ፍርድ ቤት ካላቀረበውና ምክንያቱን ካላስረዳ፣ የተያዘው ሰው የአካል ነፃነቱ እንዲከበር ለመጠየቅ «ሊጣስ የማይችል መብት» አለው። «የማይጣስ» አይልም። የአማርኛ «የማይ-» አንዳንዴ ክልክል ነው (የማይነገር ተናገረ ይባላል)፤ «ሊጣስ የማይችል» ግን ፈጽሞ አይሆንም የሚል ነው። እንደኔ፣ እዚያ የተጠበቀው ራሱ የመጠየቁ በር ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «አንቀበልም» ካለ ያን በር ዘጋ።

አሠራሩም ይህን ይደግፋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ177 እስከ 179 እንደተጻፈው፣ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ታሳሪው ራሱ ወይም ሌላ ሰው ስለ እሱ ያቀርባል። ከቃለ መሐላ ጋር ይሆናል፤ በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደተያዘ፣ ነገሩን የሚያውቁ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ ይጻፋል። ፍርድ ቤቱ ያዡ ታሳሪውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ መጥሪያ ይልካል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ታሳሪው ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ከተዛወረ ተጠሪ የተባለው «በእኛ ዘንድ የለም» ይላል፤ ስለዚህ የጣቢያውን ብቻ ሳይሆን የበላይ ኃላፊውንም መጥራት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ፖሊስ ከሌላ ችሎት የጊዜ ቀጠሮ (ለምርመራ አስሮ የማቆየት) ትእዛዝ ያመጣና «አሁን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የተያዘው» ይላል። መዝገቡ ይዘጋል። ከ48 ሰዓት በላይ ያለፈው ጊዜ ሳይወሰንበት ይቀራል። ለዚህ አቤቱታው ላይ የተያዘበትን ሰዓት መጻፍ፣ የተያዘበትን ቦታና የጉዞውን ርቀትም ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ጉዞው ከ48 ሰዓቱ አይቆጠርምና።

ሐረግ፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅስ?

መዝገብ ቤት፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የማይነኩትን አንቀጾች ይዘረዝራል፤ 1፣ 18፣ 25፣ 39(1) እና (2)። 14 የለበትም፣ 19ም የለበትም። ያ አንቀጽ የሚጠቀመው ቃል «ማገድ» ነው።

ጉባኤ ቃና፦ የማይገሰስ የተባለው 14 ይታገዳል? ይህ ከቶ አይገባኝም። አገደ በግእዝ ምን ይሆን? ከብት ማገድም አለ እኮ፤ የከብቱ ጠባቂ አጋጅ ነው።

ነጋሪት፦ ያገደ ይፈታል፤ ቢያንስ ቃሉ ጊዜያዊ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ እስከ 6 ወር ነው፤ ከዚያ በየ4 ወሩ እንዲታደስ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 2/3ኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ጉባኤ ቃና፦ የሕጉን አልጠየቅሁም፣ ግሡን ነው። ሐረግ፣ በአገደና በአጋጅ ላይ የምታውቂው አለ?

ሐረግ፦ አለኝ፤ ግን አዲስ ርእስ እንክፈትለት።

ብራና፦ ታዲያ «ተጥሷል» ብዬ ልተወው?